የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ ቃል በቃል ይነበባል? ለጥናት ቡድን መሪዎች የተዘጋጀ አካሄድ

«የጥፋት ውኃው በእርግጥ ዓለምን ሁሉ ሸፍኗል ወይስ ምሳሌ ነው?» የሚለው ጥያቄ በጥናት ቡድን ውስጥ ሲነሣ ወዲያው ጎራ ይለያል። አንዱ ወገን «ይህን ካላመንክ መጽሐፉን ክደሃል» ይላል፤ ሌላው «ይሄማ ተረት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ዘፍጥረት ከምዕራፍ 6 እስከ 9 ያለውን አልከፈቱትም። መሪው ክርክሩን ገታ አድርጎ ንባቡን ማስቀደም አለበት።

ሁለት ክፍለ ጊዜ መድቡ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት ይበቃል። አራቱን ምዕራፎች ሰፊ ኅዳግ ባለው ወረቀት አትማችሁ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ስጡ። ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ትርጉሞች፣ ከተገኘም መጽሐፈ ኩፋሌ ይኑራችሁ።

ቀኖቹን አስቆጥሩ

ተሳታፊዎቹ ቀን የተጠቀሰበትን ቦታ ሁሉ አውጥተው በአንድ ዓምድ ይጻፉ። ውኃው የጀመረው ኖኅ 600 ዓመት በሆነው ጊዜ፣ በ2ኛው ወር በ17ኛው ቀን ነው (7፥11)። ዝናቡ 40 ቀን ዘነበ (7፥12)፤ ውኃው 150 ቀን በረታ (7፥24)። መርከቧ በ7ኛው ወር በ17ኛው ቀን በአራራት ተራሮች ላይ ተቀመጠች (8፥4)፤ የግሪኩን ንባብ የሚከተል ትርጉም 27ኛው ቀን ይላል። በ10ኛው ወር መጀመሪያ የተራሮች ራስ ታየ (8፥5)፤ በ601ኛው ዓመት በ2ኛው ወር በ27ኛው ቀን ምድር ደረቀች (8፥14)።

እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት 40ን በ150 ላይ መደመር ነው። ከ2ኛው ወር 17 እስከ 7ኛው ወር 17 አምስት ወር ነው፤ አምስት ጊዜ 30 ደግሞ 150 ይሆናል። ስለዚህ 40ው ቀን በ150ው ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ብቻ አስጽፉ፦ 7 (7፥4)፣ 7 (7፥10)፣ 40፣ 150፣ 150 (8፥3)፣ 40 (8፥6)፣ 7 (8፥10)፣ 7 (8፥12)። ወደ ላይ የወጣው በዚያው መንገድ ይወርዳል። መካከሉ ላይ ያለው 8፥1 ነው፤ እግዚአብሔር ኖኅን አሰበ። ተሳታፊዎች ይህን በገዛ እጃቸው ጽፈው ሲያዩት ዝም ይላሉ፤ ጊዜ ስጧቸው። ተራ የመርከብ ማስታወሻ እንዲህ አይደረደርም። ተረትም ቢሆን ወርና ቀን እየጠቀሰ አይሄድም። ጸሓፊው ያለፈውን ነገር በጥንቃቄ በተሠራ ቅርጽ እየተረከ ነው፤ «ቃል በቃል» ወይም «ምሳሌ» ከሚሉት ሁለት ሳጥኖች አንዱም አይበቃውም።

በሁለት ቀለም

አሁን እስክሪብቶዎቹን አውጡ። በአንዱ ቀለም 6፥19–20ን አስምሩ፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይላል። በሌላው 7፥2–3ን አስምሩ፤ ከንጹሑ ሰባት ሰባት፣ ንጹሕ ካልሆነው ሁለት። ወደ መርከቧ መግባታቸው በ7፥7–9 ተነግሮ በ7፥13–16 ይደገማል። ምክንያቱም ሁለቴ ይሰጣል፤ በ6፥5–8 አንዴ፣ በ6፥11–13 አንዴ። በዕብራይስጡ ደግሞ የእግዚአብሔር ስም አጠራር በእነዚህ ክፍሎች መካከል ይለዋወጣል። ብዙ ምሁራን ከዚህ ተነሥተው ሁለት ጥንታውያን ትረካዎች ተጋምደዋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ 6፥19 ጠቅላላ ትእዛዝ ነው፣ 7፥2 ዝርዝሩ ነው፤ ንጹሖቹ የበዙትም በ8፥20 ላለው መሥዋዕት ነው ይላሉ። ሁለቱንም መልስ አቅርቡ። መሪው አንዱን ደብቆ ሌላውን ቢናገር፣ ወጣቱ የተደበቀውን ነገ በስልኩ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው በመሪው ላይ የነበረው እምነት ነው።

ዓመቱን የሚያሰላ ካለ

ዘፍጥረት 5፥3ን ክፈቱ። አዳም ልጁን ሴትን ሲወልድ 130 ዓመቱ ነበር የሚል ከሆነ ትርጉማችሁ በዚህ ቦታ ዕብራይስጡን ይከተላል፤ 230 የሚል ከሆነ ግሪኩን (የሰብዓ ሊቃናትን) ይከተላል። በዕብራይስጡ ቁጥር ከአዳም እስከ ጥፋት ውኃ 1656 ዓመት ነው፤ የኖኅ አያት ማቱሳላም የሚሞተው በዚያው ዓመት ነው። በአንዳንድ የግሪክ ቅጂዎች ግን ድምሩ 2242 ይመጣል፤ በዚህ ስሌት ማቱሳላ ከጥፋት ውኃ በኋላ 14 ዓመት ይኖራል፤ በመርከቧ ውስጥ ግን አልነበረም። ይህን ችግር የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ መርምሮታል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት የምትቆጥረውም በረጅሙ ስሌት መንገድ ነው። «የጥፋት ውኃ በዚህ ዓመት ሆነ» ብሎ ቁርጥ ቀን የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የትኛውን ንባብ እንደያዘ ይናገር።

«ከሰማይ በታች ሁሉ»

7፥19 ከሰማይ በታች ያሉ ታላላቅ ተራሮች ሁሉ ተሸፈኑ ይላል። ይህን ይዛችሁ ዘዳግም 2፥25ን፣ የሐዋርያት ሥራ 2፥5ን እና ቆላስይስ 1፥23ን አስነብቡ። በሦስቱም «ከሰማይ በታች» የሚለው አነጋገር የምድርን እያንዳንዱን ስንዝር አያመለክትም። በዚህ ምክንያት በርካታ አማኝ ምሁራን ታሪኩን በኤፍራጥስና በጤግሮስ ሸለቆ የደረሰ ታላቅ ጎርፍ አድርገው ያነቡታል።

ይህ ንባብ ግን የራሱ ችግር አለው፤ መሪው ራሱ ሊያነሣው ይገባል። በ9፥11 እግዚአብሔር ምድርን በውኃ ዳግመኛ እንደማያጠፋ ቃል ይገባል። ነገሩ የአንድ አካባቢ ጎርፍ ከነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት አካባቢ ተጥለቅልቋል? ደግሞስ ኖኅ መርከብ ከሚሠራ ለምን ወደ ደጋ አልወጣም? እኛ እንደምናየው 7፥11ን ከ1፥6–7 ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ የበለጠ ይረዳል። በፍጥረት ቀን የተለያዩት የላይና የታች ውኃዎች የቀላዩ ምንጮች ሲነደሉና የሰማይ መስኮቶች ሲከፈቱ እንደገና ይገናኛሉ። ጽሑፉ የሚተርከው የፍጥረትን መፍረስና እንደገና መጀመር ነው፤ ስለዚህ በትረካው ውስጥ ውኃው ሁሉን ይሸፍናል። ከትረካው በስተ ጀርባ ያለው የጎርፍ ትዝታ የቱን ያህል ሰፊ ነበር የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እርሱ የሚጠናው በቁፋሮና በድንጋይ ነው።

የስሌቱ ክፍል

ቃል በቃል መነበብ አለበት ለሚል ተሳታፊ ቁጥሩን በአክብሮት አስሉለት። ክንዱን 45 ሳንቲ ሜትር ብንይዝ 300 በ50 በ30 ክንድ (6፥15) 135 በ22.5 በ13.5 ሜትር ይሆናል፤ ወደ 41,000 ሜትር ኩብ ማለት ነው። በ1909 በአሜሪካ የተሠራው ዋዮሚንግ የተባለው ባለ ስድስት ምሰሶ የእንጨት መርከብ የመርከቡ አካል 100 ሜትር ያህል ነበር። በብረት ማሰሪያ ቢጠናከርም በማዕበል እየተጣመመ ውኃ ያስገባ ስለነበር ያለ ፓምፕ መጓዝ አልቻለም፤ በ1924 ሰጠመ።

ወደ ውኃው ስንመጣ፣ የኤቨረስት ከፍታ 8,849 ሜትር ነው። እርሱን በ40 ቀን ለመሸፈን ውኃው በቀን ከ220 ሜትር በላይ መጨመር አለበት፤ የሚያስፈልገው መጠንም ዛሬ በውቅያኖሶች ካለው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ያን ጊዜ ተራሮች ዝቅ ያሉ ነበሩ የሚል ነው፤ መዝሙር 104፥8ም ይጠቀሳል። ነገር ግን የመካከለኛው አውሮፓ የዛፍ ቀለበቶች ተከታታይ መዝገብ ሳይቋረጥ ከ12,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። በቃል በቃል ንባቡና በማስረጃው መካከል ያለውን ክፍተት ያስተዋሉት ከሓዲዎች ብቻ አይደሉም፤ በኬምብሪጅ የሥነ ምድር መምህርና ካህን የነበረው አዳም ሴጅዊክ በአንድ ዓለም አቀፍ ጎርፍ የደለል ክምችቶችን ያስረዳበትን የቀድሞ ሐሳቡን በ1831 በይፋ ትቷል።

በሜሶጶጣሚያም ኡር፣ ኪሽና ሹሩፓክ በተባሉ ከተሞች የጎርፍ ደለል ተገኝቷል። የቁፋሮ ተመራማሪው ሊዮናርድ ዉሊ በ1929 በኡር ወፍራም የደለል ንጣፍ ሲያገኝ ብዙዎች የኖኅ ጎርፍ ተገኘ አሉ። የየከተማው ደለል ዕድሜ ግን ይለያያል፤ የአንድ ጎርፍ አይደለም።

የባቢሎኑ ትረካ ሲነሣ

በ1872 እንግሊዛዊው ምሁር ጆርጅ ስሚዝ ጊልጋመሽ የተባለውን ጥንታዊ የባቢሎን ተረክ 11ኛ የሸክላ ጽላት ተርጉሞ ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ «ከባቢሎን የተቀዳ ነው» የሚል ሁልጊዜ አለ። ተመሳሳዩን አትሸሽጉ፤ መርከቡ በዝፍት ይለሰናል፣ በተራራ ላይ ያርፋል፣ ርግብና ቁራ ይላካሉ፣ መሥዋዕት ይቀርባል። ልዩነቱን ደግሞ አሳዩ። እዚያ መርከቡ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ እኩል 120 ክንድ ነው፤ ዝናቡ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ነው፤ አማልክቱም በራሳቸው ጎርፍ ደንግጠው ይሸሻሉ፣ መሥዋዕቱንም እንደ ዝንብ ይከቡታል። በዘፍጥረት ግን ምክንያቱ የሰው ክፋትና ግፍ ነው፤ እግዚአብሔርም ያዝናል (6፥6)። ከዚያ 6፥5ን ከ8፥21 ጋር አነጻጽሩ። የሰው ልብ ክፋት ከውኃው በፊትም በኋላም አንድ ነው፤ ምሕረቱ ግን በቃል ኪዳን ይጸናል። ከአራቱ ምዕራፎች ለዚህ ቦታ የምትሰጡት ጊዜ ከሁሉ ይብለጥ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት።

የሚመጡ ተቃውሞዎች

«ጌታ ራሱ ጠቅሶታል» የሚል ይነሣል፤ ማቴዎስ 24፥37–39። እውነት ነው፤ ኖኅን በአክብሮት ጠቅሶታል። ነጥቡ ግን የሚበሉና የሚጠጡ ሰዎች ሳያስተውሉ መያዛቸው ነው፤ ስለ ተራሮቹ ከፍታ አልተናገረም። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥20–21 ደግሞ ከስምንቱ ነፍስ ወደ ጥምቀት ይሻገራል። «ምሳሌ ካልን ሁሉም ይፈርሳል» ለሚል የአንድምታን ልማድ አስታውሱት፤ መምህራን ፊደሉን ሳይጥሉ «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን ይጨምራሉ። አውግስጢኖስም ታሪኩን ብቻ ይዘው ምሥጢሩን የሚተዉትንም፣ ምሥጢሩን ይዘው ታሪኩን የሚተዉትንም አልተቀበለም።

በመጨረሻ አንድ ሰው «መርከቧ ተገኘች» የሚል ቪዲዮ ይዞ ይመጣል። 8፥4 የሚለው «በአራራት ተራሮች» ነው፤ አንድ ጫፍ አይጠቅስም፤ ኩፋሌ ሉባር የሚባለውን ተራራ ይጠቅሳል። በቱርክ ዱሩፒናር የተባለውን መርከብ መሳይ ጉብታ የመረመሩ የሥነ ምድር ባለሙያዎች የተፈጥሮ ቅርጽ ነው ብለዋል። ቪዲዮውን አትንጠቁት፤ እንጨቱ የት እንደተቆፈረ፣ ዕድሜውን የለካው የትኛው ቤተ ሙከራ እንደሆነ፣ ውጤቱም የት እንደታተመ አብራችሁ ፈልጉ።