ኳሱን ተዉት፣ የረዥሙን እግር እዩ

የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ጨዋታ ስናይ ሁላችንም ዓይናችን ኳሱ ላይ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዛው ነበርኩ፤ መከላከል ማለት ብሎክ (የተወረወረን ኳስ በእጅ መመለስ) ብቻ ይመስለኝ ነበር። እስቲ ለአንድ ሩብ ብቻ ይህን ሞክሩ።

ባለኳሱ ወደ መሃል ሲመጣ አንድ ረዥም የቡድን ጓደኛው ይጠጋና ተከላካዩ መንገድ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆምበታል። ስክሪን የሚሉት ይህን ነው። በዚህ ሰዓት ኳሱን ተዉና ያንን ረዥም ሲጠብቅ የነበረውን ሰው እግር እዩ። ወዴት ሄደ?

ወደ ኋላ አፈግፍጎ ቅርጫቱ ስር ከጠበቀ ድሮፕ ነው። ሩዲ ጎቤር የዓመቱን ምርጥ ተከላካይ ሽልማት 4 ጊዜ የወሰደው በዋናነት በዚህ ነው። ቅርጫቱ ይዘጋል። ከስክሪኑ ጀርባ ሆኖ ሶስት ነጥብ የሚያስገባ ካለ ግን እንደልቡ ይወረውራል።

ሁለቱ ተከላካዮች ሰው ከተቀያየሩ ስዊች ነው። ጎልደን ስቴት በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዋንጫ ሲያነሳ ይህ ዘዴ የሰራለት፣ 2 ሜትር እንኳን የማይሞላው ድሬይመንድ ግሪን ከረዥሙም ከፈጣኑም ጋር መቆም ስለሚችል ነው። ሁሉም ግን ግሪን አይደለም። በ2024 የምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ጎቤር ሜዳው መሃል ያኔ ለዳላስ ይጫወት ከነበረው ከሉካ ዶንቺች ጋር ብቻውን ቀረ። ሉካ የሚገባ መሰለ፣ ጎቤር ወደ ኋላ ሲል እሱም ወደ ኋላ ዘለለና ከሶስት ነጥቡ መስመር ውጭ ለቀቃት። 3 ሰከንድ ሲቀር ዳላስ 109 ለ108። ይሄው ነው የስዊች ዋጋ።

ሁለቱም ባለኳሱ ላይ ከዘመቱ ብሊትዝ ነው፤ ያኔ ከኋላ 3 ሰው 4ቱን ይጠብቃል፣ ሩጫ ያልለመደ ቡድን አለቀለት።

ይህን ከለመዳችሁ ኳስ የሌለበትን ጥግ እዩ። እዚያ ያለው ተከላካይ አንድ እግሩን ቅርጫቱ ስር ቀለም ወደተቀባው ክልል አስገብቶ ያወጣል፣ ደግሞ ያስገባል። ጭፈራ አይደለም። ዞን (ሰው ሳይሆን ቦታ መጠበቅ) ከ2001-02 የውድድር ዘመን ጀምሮ ቢፈቀድም፣ በክንዱ ርቀት የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር እዚያ ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ የቆመ ይቀጣል። ለእኔ ከብሎክ ይልቅ ይቺ እግር ታስደስተኛለች፤ የምትቆጥራት ስታቲስቲክስ የለችማ።

ባለኳሱን የሚጠብቀውን ደግሞ ዳሌውን እዩለት። ጎበዙ ስክሪን ሲመጣበት በጎኑ ሆኖ ይሾልካል፤ ሰነፉ ይላተምና እዚያው ይቀራል። ማርከስ ስማርት በ2022 ምርጥ ተከላካይ ሲባል፣ ከጋሪ ፔይተን 1996 በኋላ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ጋርድ (ኳስ የሚያመላልስ፣ ብዙ ጊዜ አጠር ያለ ተጫዋች) ነበር። ኳስ ስለነጠቀ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እየዘለሉ መንጠቅ የሚወዱትማ ሲያልፋቸው ሸክሙ ለጓደኛ ነው።

በመጨረሻ ድምፁን ጨምሩ። ስክሪን መምጣቱን ከኋላ ያለው ካልጮኸለት ፊት ያለው አያይም፤ ዝም ያለ ተከላካይ ግማሽ ሰው ነው። እንደኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚያይ ግን በጆሮ ማዳመጫ ያድርገው፣ ቤተሰብ ተኝቷል።