ብስክሌትን በሰውነት ልክ ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው ከብስክሌቱ ጋር የሚገናኘው በአምስት ቦታ ነው፦ በሁለት እግሩ፣ በሁለት እጁና በመቀመጫው። ባይክ ፊቲንግ የሚባለው ሙያ እነዚህን አምስት ነጥቦች ከባለቤቱ የእግር ርዝመት፣ ከክንዱና ከወገቡ አስተጣጠፍ ጋር ማስማማት ነው። የልብስ ሰፊን ልኬት ይመስላል፤ ግን ሱሪ ሲጠብ የጠበበበት ቦታ ወዲያው ይታወቃል። ብስክሌት ላይ የሚያመው ቦታና ጥፋቱ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። እጁ የደነዘዘበት ሰው ወፍራም ጓንት ይገዛል፤ አጥፊው ግን አፍንጫውን ወደ መሬት የደፋ ኮርቻ ሊሆን ይችላል።

በሌላ ጫማ መለካት

ለልኬት ሲሄዱ ሁልጊዜ የሚነዱበትን ጫማ፣ ቁምጣና ፔዳል ይያዙ። የአንዱ ጫማ ሶል ከሌላው በ5 ሚሊ ሜትር ቢወፍር የኮርቻው ከፍታም በዚያው መጠን ይዛባል፤ 5 ሚሊ ሜትር ደግሞ ጉልበት የሚያውቀው ልዩነት ነው። ከረጅም ጉዞ ማግስትም አይሂዱ። የዛለ ጡንቻ ስለሚኮማተር ባለሙያው የሚያየው ድካምዎን እንጂ የተለመደ አቀማመጥዎን አይሆንም። የድሮ ስብራት፣ የዲስክ ችግር ወይም የጉልበት ቀዶ ሕክምና ካለ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ምንም ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚያነሣ ባለሙያ ካጋጠመዎ ይጠርጥሩ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ከብስክሌቱ ያወርድዎታል፤ ጎንበስ ብለው ምን ያህል እንደሚታጠፉ ያያል፣ ሁለቱ እግሮች እኩል መሆናቸውን ይለካል፣ የት የትና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚነዱ ይጠይቃል። ሥራው በወጉ ከተሠራ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

የማይሆን ፍሬም በቁልፍ ለማዳን መታገል

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ዋጋውንና ጎማውን ነው። የፍሬሙ መጠን ግን በቁልፍ አይቀየርም። የኮርቻው ዘንግ ከአነስተኛው የማስገቢያ ምልክት በላይ ካልወጣ ቁመቱ አልበቃ ካለ፣ ፍሬሙ ትንሽ ነው። ቆመው የላይኛው ቧንቧ ብሽሽትዎን ከነካ፣ ወይም ኮርቻውን እስከ ጥግ ወደ ፊት ገፍተው እንኳን መሪው ከራቀ፣ ትልቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ መግዛት። ምልክቱን አልፎ የወጣ ዘንግ ቧንቧውን ሊሰነጥቅ ወይም ራሱ ተሰብሮ ሊጥልዎ ይችላል፤ በዚህ ነገር «ትንሽ ብቻ ነው ያለፈው» የሚባል ነገር የለም።

ከመሪው መጀመር

መሪ በዓይን ስለሚታይ ብዙ ሰው ከእሱ ይጀምራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ነው፦ መጀመሪያ እግር በፔዳሉ ላይ ያለው ቦታ፣ ከዚያ የኮርቻው ከፍታ፣ ቀጥሎ የኮርቻው ፊትና ኋላ፣ መጨረሻ ላይ መሪው። ኮርቻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የመሪው ርቀት አብሮ ስለሚቀየር በተገላቢጦሽ የሠራ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ተቀምጦ ሁለት እግር መሬት ማስረገጥ

ከተማ ውስጥ በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው። ጀማሪ መውደቅን ስለሚፈራ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ሙሉ በሙሉ እንዲረግጡ ያወርደዋል። እንዲህ ሲሆን ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመጣ ጉልበት ከመጠን በላይ ይታጠፋል፤ የጉልበት ሎሚ ከጭን አጥንት ጋር በኃይል ይጫጫናል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ የጉልበት ፊት ለፊት ማመም ይጀምራል። ሲቆሙ ከኮርቻው ወደ ፊት ወርዶ አንድ እግር መሬት ማስረገጥን መልመድ ይሻላል። ኮርቻ ለመንጃ እንጂ ለመቆሚያ አልተሠራም።

ለመነሻ የሚሆን ከፍታ ለማግኘት ባዶ እግርዎን ግድግዳ ተደግፈው እግርዎን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ለያይተው ይቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግርዎ መካከል አስገብተው ጀርባውን ግድግዳው ላይ በማስደገፍ ኮርቻ እንደሚጫን ያህል ወደ ላይ ይጫኑት። ከመጽሐፉ የላይ ጠርዝ እስከ ወለሉ ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በ0.883 ሲባዛ 70.6 ይመጣል፤ ይህ ከክራንኩ (ፔዳሉን ከሚይዘው ክንድ) መሽከርከሪያ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ቁጥሩን በሰፊው ያስተዋወቀው በ1986፣ በ1989 እና በ1990 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ነው። ሌላው ስሌት የእግሩን ቁመት 109 በመቶ ከፔዳሉ ዘንግ ጀምሮ ይለካል፦ 87.2 ሴንቲ ሜትር። ክራንኩ 170 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህ 70.2 ይሆናል።

አንድ እግር፣ ሁለት ስሌት፣ 4 ሚሊ ሜትር ልዩነት። ስሌቱን እንደ ፍርድ መውሰድ ራሱ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ሰፈሩን ያሳያል፤ ቤቱን የሚያገኘው ዓይን ነው። ለ10 ደቂቃ ከነዱ በኋላ ስልክ በዳሌ ከፍታ፣ በ3 ሜትር ርቀት፣ ከጎን ቀጥ አድርገው አቁመው ይቅረጹ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ቀጥ ካለው እግር ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል መታጠፍ አለበት። ከኋላም ይቅረጹ፤ ዳሌ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሏል። የጉልበት የኋላ ክፍል ሕመምና ፔዳሉን ለመድረስ የጣት ጫፍ መዘርጋትም ይህንኑ ይናገራሉ።

ቱምቢውን እንደ ሕግ ማየት፣ ብስክሌቱን ደግሞ አጋድሞ መለካት

የኮርቻውን ፊትና ኋላ ለማግኘት ግንበኛ የሚሠራበት ቱምቢ ይበቃል፤ ከሌለም ክር ጫፍ ላይ ዳዶ አስሮ መጠቀም ይቻላል። ክራንኩ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ የፊተኛው እግር ፔዳሉን እንደረገጠ፣ ክሩን ከጉልበት ሎሚ ሥር ካለችው የአጥንት ጉብታ ይልቀቁት። ክሩ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ሲወርድ ጥሩ መነሻ ተገኝቷል። መነሻ ብቻ ነው እንጂ ጉልበት በዚያ መስመር ካልወረደ ይታመማል የሚያሰኝ የተፈጥሮ ሕግ የለም። ጭኑ ረጅም የሆነ ሰው ትንሽ ወደ ኋላ ሊመቸው ይችላል።

ነገር ግን ቱምቢ የሚታመነው ብስክሌቱ ራሱ ውሃ ልክ ላይ ሲሆን ነው። ቤት ውስጥ የሚነዱበት ትሬነር የኋላውን ጎማ ከፍ ስለሚያደርግ የፊተኛው ሥር ጣውላ ወይም ማስደገፊያ ካልገባ ብስክሌቱ ቁልቁል ያዘነብላል፤ የኮርቻው አግድምነትም የቱምቢው መስመርም ይሳሳታሉ። የሁለቱን ጎማዎች መሃል ከፍታ ከወለሉ ለክቶ ማስተካከል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ባለሙያ ሲዘነጋውም ማስታወስ ነውር አይደለም።

መሪው ሲርቅ ኮርቻውን ወደ ፊት መግፋት

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስት ነው፤ ለጊዜው የሚሠራ ይመስላላ። ክንድ ይላላል፣ አንገት ይቀልለዋል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጉልበት ያጉረመርማል። ኮርቻ የእግርና የክራንክ ጉዳይ ነው፤ ርቀት የሚስተካከለው ስቴም በሚባለው መሪውን ከሹካው ዘንግ ጋር በሚያያይዘው አጭር ክፍል ነው። ስቴም ብዙውን ጊዜ በ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይሸጣል፤ የኮረኮንች ብስክሌት አጠር ያለ፣ የአስፋልት እሽቅድምድም ብስክሌት ረዘም ያለ ይወስዳል። ክርን ሳይታጠፍ ደርቆ የሚነዳ ሰው፣ ወይም ሳያውቀው ወደ ኮርቻው አፍንጫ የሚንሸራተት ሰው መሪው ርቆበታል።

አሮጌ ብስክሌት ላይ ስቴሙ ወደ ሹካው ውስጥ ይገባል። ከላይ ያለውን ብሎን ጥቂት ዙር ፈትተው በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ሲመቱት ውስጡ የያዘው ሽብልቅ ይለቃል። እሱም አነስተኛ የማስገቢያ ምልክት አለው።

ኮርቻውን በትክክለኛው ምክንያት ያንቀሳቀሱ ሰዎችም አንድ ነገር ይረሳሉ። ወደ ኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ከክራንኩ ያለው ርቀት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ ስለዚህ በዚያው ልክ ዝቅ መደረግ አለበት።

ለስላሳ ኮርቻ መግዛት

ሰው ሲያመው ጄል ያለው ሽፋን ይገዛል። ለአጭር መንገድ ጥሩ ነው። ለረጅም ጉዞ ግን የመቀመጫ አጥንቶች ለስላሳው ውስጥ ሰምጠው በመሃል ያለውን ሥጋ ጄሉ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ነርቭና የደም ሥር ያሉት ደግሞ እዚያ ነው። ዋናው ስፋቱ ነው። የካርቶን ቁራጭ ጠንካራ ደረጃ ላይ አንጥፈው ይቀመጡበት፣ እግርዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉ፣ ተነሥተው ሁለቱን ስርጉዶች ከመሃል እስከ መሃል ይለኩ። ለዚህ ርቀት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ጨምረው የኮርቻ ስፋት ይፈልጉ። አፍንጫው በአግድም ይጀምር፤ ከ2 ወይም 3 ዲግሪ በላይ መድፋት ሰውነትን ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ክብደቱም ወደ መዳፍ ይሄዳል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት የሚደነዝዙት በዚያ ጊዜ ነው፤ በመዳፍ ጠርዝ የሚያልፈው ነርቭ ይጫናል። ብልት አካባቢ የሚሰማ መደንዘዝ ግን «ይለመዳል» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ወዲያው ወርደው ኮርቻውን ይመርምሩ።

ኮብልስቶን ላይ የሚነዱ ከሆነ ጥፋቱን ሁሉ ኮርቻ ላይ ከማላከክዎ በፊት የጎማውን አየር ይመልከቱ። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ንዝረቱን ሁሉ ወደ እጅና ወደ መቀመጫ ይልካል።

የተወዳዳሪን አቀማመጥ መቅዳት

ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ዝቅ ያለ መሪ ለዓመታት የሰለጠነ ወገብ ውጤት ነው። የታላላቆቹም ልኬት ቢሆን ቋሚ አይደለም። ቤልጂየማዊው የብስክሌት ተወዳዳሪ ኤዲ መርክስ በ1969 በፈረንሳይዋ ብሎዋ ከተማ በቬሎድሮም (በብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ) ከደረሰበት ከባድ አደጋ በኋላ አቀማመጡ ተመልሶ አልተስተካከለም፤ ውድድር ላይ እያለ እንኳን የኮርቻውን ከፍታ ሲቀያይር ይታወቅ ነበር። የእሱን ቁጥር የሚቀዳ ሰው የየትኛውን ሰዓት ቁጥር ይቀዳል?

ክሊቱን ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ ማሰር

ፔዳል ላይ የሚቆለፍ ጫማ ለሚጠቀሙ ብቻ፤ ክሊት ከጫማው ሶል ሥር የሚታሰረው መቆለፊያ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እግርዎን ሲያንጠለጥሉ ጣቶቹ ወደ ውጭ የሚያዩ ከሆነ ክሊቱም ያንን ይከተል፤ አለበለዚያ ጠመዝማዛው በጉልበት ላይ ይወድቃል። በሺማኖ የአስፋልት ክሊቶች ቢጫው 6 ዲግሪ፣ ሰማያዊው 2 ዲግሪ መንቀሳቀሻ ይሰጣል፤ ቀዩ ምንም አይሰጥም። ጀማሪ ከቢጫው ይጀምር። የክሊቱ መሃል ከአውራ ጣት ሥር ካለው ጉብታ ወይም ከእሱ ትንሽ ኋላ ይዋል።

በክንድ ኃይል ማጥበቅና ቸኩሎ መቁረጥ

ብሎኑ አጠገብ የተጻፈው የኒውተን ሜትር ቁጥር ጌጥ አይደለም፤ ብዙ ቀላል ስቴሞች 5 አካባቢ ብቻ ይችላሉ። የብረትና የአሉሚኒየም ዘንግ ግሪስ ይቀባ፣ አለበለዚያ ውስጥ ይጣበቃል። ካርቦን ግን ግሪስ አይቀባም፤ የራሱ የሚያሻክር ቅባት አለው። ከልኬቱ በኋላ የሹካው ዘንግ ትርፍ ርዝመት አምሮ እንዲታይ ወዲያው አያስቆርጡት። ከወር በኋላ መሪውን ከፍ ማድረግ ቢፈልጉ የተቆረጠ አይቀጠልም።

ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር

ራስዎ የሚያስተካክሉ ከሆነ አንድ ነገር፣ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀይሩ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ነድተው ይፍረዱ። ሦስት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው ቢሻለውም የትኛው እንዳሻለው አያውቅም። ከመፍታትዎ በፊት በኮርቻው ዘንግ ላይ ፕላስተር ይጠቅልሉ፣ ከኮርቻው ሥር ባለው ሐዲድም ላይ በማርከር ምልክት ያድርጉ። በባለሙያ የተለካ ሰውም ቁጥሮቹን ጽፎ ይውሰድ፦ ከክራንኩ መሃል እስከ ኮርቻው አናት፣ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ መሪው፣ የኮርቻውና የመሪው ከፍታ ልዩነት፣ የስቴሙና የክራንኩ ርዝመት (የክራንኩ በጀርባው ላይ ተቀርጿል)። ሁለት ሦስት ሳምንት ከነዱ በኋላ ይመለሱ፤ ሁለተኛው ጉብኝት በዋጋው ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። ጫማ፣ ፔዳል ወይም ኮርቻ ሲቀየር ወረቀቱን አውጥተው እንደገና ይለኩ። የቆዳ ኮርቻ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይቀየርም ይለኩ፤ ቆዳው እየጎበጠ ሲሄድ ከፍታውን ይዞት ይወርዳል።