አማልክት ተዋግተው ሲያበቁ፦ ከጦርነት የተረፈ የፋንታሲ ዓለም እንዴት ይጻፋል?

የአማልክት ጦርነት ስንጽፍ ብዙዎቻችን ጉልበታችንን የምንጨርሰው ውጊያው ላይ ነው። ሰማይ ይሰነጠቃል፣ ተራራ ይናዳል፣ አለቀ። እኔን ግን ሁሌም የሚይዘኝ ማግስቱ ነው። በማግስቱም ሰው ውሃ መቅዳት አለበት፣ ሬሳም መቀበር አለበት።

በመጀመሪያ ወረቀት ያዙና አማልክቱ ከጦርነቱ በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ዘርዝሩ። ስማቸውንና መልካቸውን ለጊዜው ተዉት። ዝናብ ማን ያዘንብ ነበር? የሙታንን ነፍስ ማን ይቀበል ነበር? መሐላ ያፈረሰውንስ ማን ይቀጣ ነበር? ከዚያ የሞቱትንና የተሸነፉትን ሰርዙ። የእነሱ ሥራ አሁን ባለቤት የለውም። ታሪካችሁን እዚያ ፈልጉት።

መሐላን ብቻ እንውሰድ። አንድ ገበሬ ከጦርነቱ በፊት በወንዙ አምላክ ስም ምሎ እህል ተበደረ እንበል። አምላኩ ሞተ። ታዲያ ዕዳው አለ ወይስ የለም? በእሱ ስም የተጋቡትስ አሁንም ባልና ሚስት ናቸው? አበዳሪው ቃል ቃል ነው ብሎ ይሟገታል፣ ገበሬው የሚቀጣኝ የለም ይላል፣ ጉዳዩን የሚያየው ዳኛ ደግሞ ራሱ ሲሾም የማለው በዚያው በሞተው አምላክ ስለሆነ ወንበሩ ላይ የመቀመጥ መብት እንዳለው እንኳ እርግጠኛ አይደለም። እኔ ከዚህ አንድ ክርክር ብቻ ሙሉ ልብ ወለድ ይወጣል ባይ ነኝ።

ቤተ መቅደሱና መሬቱስ የማን ይሁን? እዚህ ላይ እውነተኛ ታሪክ ይረዳል። አውሮፓ ውስጥ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች የተዋጉበት የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1648 በዌስትፋሊያ ስምምነት ሲያበቃ ተደራዳሪዎቹ 1624ን መለኪያ ዓመት አደረጉት። ለየት ያሉ ግዛቶች ቢኖሩም፣ በጥቅሉ የቤተ ክርስቲያን ንብረት በዚያ ዓመት መጀመሪያ በያዘው ወገን እጅ እንዲሆን ተወሰነ። እናንተም ለዓለማችሁ እንዲህ ያለ ዓመት ምረጡ። ዓመቱ በአንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ ቢገፋ ማን መሬቱን እንደሚያጣ አስቡ፤ ቂም የያዘውን ገጸ ባሕርይ ወዲያው ታገኙታላችሁ።

መሬቱ ራሱም ቁስሉን ይያዝ። ፈረንሳይ ውስጥ ቬርደን አካባቢ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1916 የተተኮሱ ጥይቶችና ቦምቦች ዛሬም ከአፈር ይወጣሉ። የአምላክ ጦር የተሰበረበት ማሳስ ሲታረስ ምን ያወጣል? ጉዳቱን ግን ጦር ሜዳው ላይ ብቻ አታስቀሩት። እ.ኤ.አ. በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ በዓመቱ አውሮፓ ውስጥ በጋው ቀዝቅዞ ሰብል ጠፋ፤ የተራራውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ገበሬ ተራበ። ከእናንተም ዓለም ሰዎች አንዳንዶቹ ጦርነት መኖሩን ሳይሰሙ ፍዳውን ይቅመሱ።

የተረፉትን አማልክትም አትርሷቸው። በኖርስ (በጥንት ሰሜን አውሮፓውያን) አፈ ታሪክ ኤሲርና ቫኒር የተባሉት ሁለት የአማልክት ወገኖች ተዋግተው ሲታረቁ ከየወገናቸው አማልክትን በመያዣነት ተለዋወጡ፣ ከቫኒር ወገን የሆኑት ንዮርድና ፍሬይርም ከቀድሞ ጠላቶቻቸው ጋር ገብተው ኖሩ። ይሄ በጣም ደስ የሚል መነሻ ነው። ትናንት ከተማችሁን ያቃጠለ አምላክ ዛሬ በመያዣነት ሰፈራችሁ ውስጥ ቢኖር፣ ልጁ የታመመበት ሰው ሌሊት በሩን ሊያንኳኳ ይሄዳል ወይ?

ዘመኑን ቶሎ ወስኑ። ጦርነቱ ባለቀ በ1 ዓመት ሰው መጠለያ ነው የሚፈልገው። በ30 ዓመት ግን የአምላክ ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ጎልማሳ አለ፣ ያንን ድምፅ እያስታወሰች የምታለቅስ እናቱም አለች። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ እነዚህን ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ ጀምሩት፤ እሷ አሁንም ማታ ማታ ትጸልያለች፣ እሱ ደግሞ ማንም እንደማይሰማት እያወቀ እስክትጨርስ ቆሞ ይጠብቃታል።