በአፍንጫ ተረጭቶ አንጎል ያልደረሰ መድኃኒት

ጉሮሮ መረረ፣ ራስ ምታቱ ግን እንዳለ ነው

ማይግሬን ለሚባለው ከባድ ራስ ምታት በአፍንጫ የሚረጨው ሱማትሪፕታን መራራ ስለሆነ ጥቂት ቢመር አያስደነግጥም። አብዝቶ ከመረረ ግን መድኃኒቱ በአፍንጫ ስስ ቆዳ ወደ ደም በመግባት ፈንታ ወደ ሆድ ወርዷል። በማይግሬን ጊዜ ጨጓራም ሥራው ስለሚዘገይ እፎይታው ይርቃል። ጥፋቱ አንገትን ወደ ኋላ ቀልሶ መርጨት ወይም ንፍጡን እንደሚስብ ልጅ በኃይል መሳብ ነው። ራስን ቀጥ አድርጎ መቀመጥ፣ አንዱን ቀዳዳ በጣት መድፈን፣ በሌላው ቀስ ብሎ አየር እያስገቡ መጫን ይገባል። ከዚያም ከ10 እስከ 20 ሰከንድ በአፍንጫ እያስገቡ በአፍ ማስወጣት።

ሲጫኑት ባዶ ሆነ

አንድ ሰው ሞክሮታል። እኔ የመጀመሪያዬን «ይሠራ ይሆን?» ብዬ በወጥ ቤቱ መስኮት ረጭቼው፣ ጉሙ ሲበተን ቆሜ አይቻለሁ። ልማዱ የመጣው ከአለርጂ ጠርሙስ ነው፤ እሱ በመጀመሪያ አየር ላይ ጥቂት ጊዜ መጫን አለበት። ሱማትሪፕታንም ሆነ የሚጥል በሽታን መንቀጥቀጥ ለማስቆም የሚረጨው ሚዳዞላም ግን በአንድ ጭነት ያልቃሉ። ጫፉ አፍንጫ ውስጥ ሳይገባ አውራ ጣት አይንካው! ሚዳዞላም በሚቀመጥበት ቤት ይህን ሁሉም ይወቅ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ አምቡላንስ መጥራት ነው።

ጉንፋን ይዞኛል

አስቀድሞ መናፈጥና የተሻለውን ቀዳዳ መምረጥ። ከረጩ በኋላ ወዲያው አለመናፈጥ።

«ቀጥታ አንጎል ይገባል» ተብሎ ነበር

ይህን የሚሉ ሻጮች አሉ፤ እኔ አላምናቸውም። የማሽተት ነርቭ ጫፎች በአፍንጫ ጣሪያ ላይ፣ ጠባብ ቦታ ውስጥ ስላሉ በዚያ በኩል ወደ አንጎል የሚወስድ አቋራጭ አለ። ተራ መርጫ ግን አብዛኛውን ጠብታ ከታች ያስቀረዋል፤ ንፍጡም በ20 ደቂቃ ገደማ ጠርጎ ያወርደዋል። ሱማትሪፕታንና ሚዳዞላም የሚሠሩት በዋናነት በደም ዞረው ነው። አቋራጩን ለመጠቀም በአሜሪካ 289 ሰዎች የተሳተፉበት፣ ለአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ኢንሱሊንን በአፍንጫ የሚሞክር ጥናት ተደርጎ ነበር። የመጀመሪያው መርጫ አስተማማኝ ስላልሆነ በሌላ ተተካ፤ በ2020 የወጣው ውጤትም በ12 ወራት ውስጥ የማስታወስ ጥቅም አላሳየም።

ስለዚህ «አልደረሰም» ብሎ ደጋግሞ መርጨት መፍትሄ አይደለም። የሱማትሪፕታን ሁለተኛ መጠን ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይቶ፣ ያውም ሐኪሙ ከፈቀደ ብቻ ነው።