አምቡላንስ ስትጠሩ ከቦታው ጀምሩ

ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የምትናገሩት ያላችሁበትን ቦታ ነው። የሆነውን ነገር አይደለም፣ ቦታውን። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንደሚመጡ ያውቃሉ። «ሰማያዊ በር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» ማለት በጣም ይጠቅማል። ቀጥሎ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ ይተነፍስ እንደሆነ፣ ሲጠሩት ይመልስ እንደሆነ ንገሯቸው። ጥያቄ ሲያበዙባችሁ አትናደዱ፤ እናንተ እየመለሳችሁ መኪናው ብዙ ጊዜ መንገድ ጀምሯል። ዝጉ እስኪሏችሁ አትዝጉ።

ሰውየው ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ (ማጣጣርና አልፎ አልፎ አየር መሳብ መተንፈስ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል) ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጉና ደረቱን መጫን ጀምሩ። ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። የአንድ እጃችሁን መዳፍ ደረቱ መሃል ላይ፣ ሌላውን በላዩ፣ ክንዳችሁን ሳታጥፉ። ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። በተጫናችሁ ቁጥር ደረቱ ተመልሶ ይነሳ። ይደክማል፣ በጣም። አጠገባችሁ ሰው ካለ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ።

የመኪና አደጋ ከሆነ፣ እሳት ካልተነሳ ወይም ሌላ አደጋ ካልመጣ በቀር ተጎጂውን ጎትታችሁ አታውጡ። ትርፍ ሰው ካለ መንገድ ላይ ወጥቶ አምቡላንሱን ይጠብቅ፤ ማታ ከሆነ የስልኩን መብራት ያብራ።