የቤት ባለቤቶች የዓመት መጨረሻ የታክስ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ለእኛ ዓመቱ በጳጉሜን ያልቃል። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይ.አር.ኤስ. የሚያውቀው ግን ዲሴምበር 31ን ነው። አሜሪካ ቤት ገዝቶ የሚኖር ሰው ኤፕሪል ላይ የሚበሳጭበት አብዛኛው ነገር የሚስተካከለው ከዚያ ቀን በፊት ነው። ከዚያ ካለፈ ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ቁጥር ከመሙላት ያለፈ ብዙ አያደርግላችሁም። ከታች ያሉት ቁጥሮች የ2026 ናቸው።

“ይህን ሁሉ ወለድ እየከፈልኩ ታክሴ አልቀነሰም”

ምክንያቱ፦ የሞርጌጅ ወለድና የቤት ታክስ የሚጠቅሙት፣ ተቀናሾቻችሁ ተደምረው ከስታንዳርድ ዲዳክሽኑ፣ ማለትም ምንም ሳትዘረዝሩ ከገቢያችሁ ላይ ከሚቀነሰው ቋሚ መጠን፣ ሲበልጡ ብቻ ነው። ስታንዳርዱ ላላገባ ሰው 16,100፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 32,200 ዶላር ነው። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ወለዱ ለታክሱ ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። ከ2018 እስከ 2024 የስቴትና የቤት ታክስ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር በላይ አይቀነስም ነበር። ብዙ ሰው ያኔ ወደ ስታንዳርዱ ገባና እዚያው ቀረ። ጣሪያው በ2025 ወደ 40,000 ከፍ አለ፤ ለ2026 ደግሞ 40,400 ነው። ገቢያቸው ከ505,000 በላይ ለሆነ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ሜሪላንድ ያሉ ባልና ሚስት 19,000 ወለድ፣ 9,000 የስቴትና የካውንቲ የገቢ ታክስ፣ 8,000 የቤት ታክስ ከፈሉ እንበል። በድሮው ጣሪያ 29,000 ብቻ ይያዝላቸው ነበር። አሁን 36,000 ነው፤ ስታንዳርዱን አለፉ። “አምና ስታንዳርድ ነበርን፣ ዘንድሮም ያው ነው” ብሎ የሚያልፍ ታክስ ሠሪ ካጋጠማችሁ ቁጭ ብሎ እንዲደምር ንገሩት።

መፍትሔው፦ ዲሴምበር ሳይጋመስ ሦስቱን ደምሩ፤ ወለዱን ከባንኩ ድረ ገጽ፣ የስቴት ታክሱን ከደሞዝ ወረቀታችሁ፣ የቤት ታክሱን ከካውንቲው። ስታንዳርዱን ካለፋችሁ ወይም ትንሽ ከጎደላችሁ የጃንዋሪ 1ን የሞርጌጅ ክፍያ ዲሴምበር ላይ ክፈሉ። በዚያ ክፍያ ውስጥ ያለው ወለድ የዲሴምበር ወር ስለሆነ ዘንድሮ ይያዝላችኋል። 31ኛውን ቀን አትጠብቁ። ባንኩ ዘግይቶ ከመዘገበው ጃንዋሪ የሚላክላችሁ የዓመቱ የወለድ መግለጫ፣ ፎርም 1098፣ ላይ አይታይም።

ሌላው የቆየ ምክር “የሚቀጥለውን ዓመት አሥራት ጨምረህ ዘንድሮ ስጥ” የሚለው ነው። እዚህ ላይ ካልኩሌተር አውጡ፤ ሕጉ ተቀይሯል። ከ2026 ጀምሮ ስታንዳርድ የሚወስዱ ባልና ሚስትም እስከ 2,000 ዶላር የጥሬ ገንዘብ ስጦታ ይቀነስላቸዋል። ዘርዝሮ ለሚያስገባ ደግሞ ከገቢው ግማሽ ፐርሰንት የሚሆነው የስጦታው ክፍል አይያዝም። ገቢያቸው 140,000 የሆነ ባልና ሚስት ወለዳቸውና ታክሳቸው 27,500 ይሁን፤ በዓመት 4,000 ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ። የሁለት ዓመቱን 8,000 በአንዴ ቢሰጡ 700 ሳይያዝ ይወድቃል፤ ዘንድሮ 34,800፣ ከርሞ 32,200፣ በድምሩ 67,000። እንደ ወትሮው እየሰጡ ስታንዳርድ ቢወስዱ ግን በየዓመቱ 34,200 (32,200 እና 2,000)፣ በሁለት ዓመት 68,400። በነዚሁ ቁጥሮች ስታስሉት፣ ድሮ የሚያዋጣው ብልሃት አሁን ያከስራል። ያም ሆነ ይህ፣ በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጣችሁ የቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤ ታክስ ከማስገባታችሁ በፊት እጃችሁ መግባት አለበት። አገር ቤት ላለ ደብር በቀጥታ የላካችሁት ገንዘብ ግን አይቀነስም።

“በቤቴ ላይ ተበድሬ አዲስ አበባ ቤት ሠራሁ፤ ወለዱን አልያዙልኝም”

በቤት ዋስትና የተወሰደ ብድር ወለዱ የሚቀነሰው ገንዘቡ ለዋስትናነት የቀረበውን ቤት ለመግዛት፣ ለመሥራት ወይም ለማሻሻል ከዋለ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤት አስይዞ አዲስ አበባ ሲኤምሲ ቤት መሥራት በዚህ መንገድ አያልፍም። መኪና መግዛትም፣ የሠርግ ወጪም እንዲሁ። ከብድሩ ከፊሉ ለኩሽና እድሳት ከዋለ የዚያ ድርሻ ወለድ ይያዛል። ስለዚህ የኮንትራክተሩን ደረሰኝና ገንዘቡ የወጣበትን የባንክ ወረቀት አሁኑኑ ለዩ። አዲስ አበባ የምትከፍሉት የጣሪያና ግድግዳ ግብርም ለመኖሪያ ቤት አይቀነስም። ያ ቤት ከተከራየ ግን ኪራዩን አሜሪካ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ እዚያ የከፈላችሁት የገቢ ግብር በክሬዲት፣ ማለትም በቀጥታ ከታክሱ ላይ በሚነሳ ቅናሽ፣ ሊታሰብላችሁ ይችላል።

“ለኤስክሮው የከፈልኩትና የተያዘልኝ አይገጥምም”

ኤስክሮው (ባንኩ ለቤት ታክስና ለኢንሹራንስ ከወርሃዊ ክፍያችሁ የሚያስቀምጥበት ሂሳብ) ውስጥ የገባ ገንዘብ ታክስ አይደለም። የሚቆጠረው ባንኩ ለካውንቲው የከፈለው ነው። ሜሪላንድ ሁለተኛው ግማሽ ክፍያ ዲሴምበር 31 ላይ ስለሚያልቅ፣ መከፈሉን ካውንቲው ድረ ገጽ ላይ እዩ። ገና ያልተተመነ የከርሞ ታክስ ቀድሞ መክፈል አይረዳም።

“ቤቱ በወንድሜ ስም ነው፤ የምከፍለው ግን እኔ”

የብድር ታሪኩ (ክሬዲቱ) ጥሩ የሆነ ዘመድ ፈርሞ ሌላው የሚኖርበት ቤት በእኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ችግሩ 1098 የሚደርሰው ወንድምዬው ጋ መሆኑ ነው። የቤቱ ትክክለኛ ባለቤት እናንተ መሆናችሁን ካሳያችሁና ወለዱን ከራሳችሁ ሂሳብ ከከፈላችሁ መቀነስ ትችላላችሁ። በእጅ ካሽ እየሰጣችሁት እሱ የሚከፍል ከሆነ ግን ማስረጃ የላችሁም። ከዚህ ወር ጀምሮ ክፍያው በቀጥታ ከእናንተ ባንክ ይውጣ። ስምምነታችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ ታክስ ስታስገቡም ማብራሪያ አያይዙ። ወንድምህም ያንኑ ወለድ እንዳያስገባ አደራ በለው፤ ሁለታችሁም ካስገባችሁት ጥያቄ ይመጣል።

“ቤዝመንቱን አከራይቼ ታክሱ በዛብኝ”

ብዙ ጊዜ ኪራዩ ተጽፎ ወጪው ስለሚረሳ ነው። ቤዝመንቱ ከቤቱ ስፋት ሩብ ከሆነ፣ ከወለዱ፣ ከኢንሹራንሱ፣ ከመብራትና ውኃው ሩቡ ወደ ኪራዩ ወጪ ይሄዳል። የሕንፃው ድርሻም በ27.5 ዓመት ተከፋፍሎ እንደ እርጅና (የሕንፃው ማርጀት ወጪ) ይያዛል። “እርጅናውን ተወው፣ ስሸጥ ታክሱ ይመጣብኛል” የሚሉ አሉ። ባትይዙትም ስትሸጡ እንደያዛችሁት ይቆጠራል፤ ስለዚህ መተዉ ትርፍ የለውም። ለዓመታት ከተረሳ በፎርም 3115 (የሂሳብ አያያዝ ለውጥ ማመልከቻ) የሚታረምበት መንገድ አለ።

“ጎረቤቴ ለሂት ፓምፕ ክሬዲት አገኘ፤ እኔ ተከለከልኩ”

እንደ ሂት ፓምፕ (ቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ) ያሉ የኃይል ቆጣቢ ዕቃዎችና የሶላር ፌዴራል ክሬዲቶች ዲሴምበር 31፣ 2025 ላይ አብቅተዋል። እሱ ቀድሞ አስገጥሟል። ደረሰኙን ግን አትጣሉት፤ ወጪው ስትሸጡ ትርፉ በሚሰላበት የቤቱ መነሻ ዋጋ ላይ ይደመራል። ከሽያጩ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለቱን የኖሩበት ባልና ሚስት እስከ 500,000፣ ላጤ ደግሞ እስከ 250,000 ዶላር ትርፍ ከታክስ ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ካተረፋችሁ ያ ደረሰኝ ታክሱን ይቀንስላችኋል።