የዩኒቨርሲቲ ጥናት ሲያነቡ የገበያውን እጅ እንዴት መለየት ይቻላል?

አንድን ጥናት ሲመረምሩ ከመደምደሚያው አስቀድመው የገንዘብ ምንጩንና የጥቅም ግጭት መግለጫውን ያንብቡ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ ስኳርና ስለ ልብ ሕመም ባሳተሙት የዳሰሳ ጽሑፍ ላይ የስኳር ኢንዱስትሪው ገንዘብ መክፈሉ አልተጠቀሰም፤ ጉዳዩ በሰነድ ተደግፎ ይፋ የሆነው በ2016 ነው።

ከዚያ ገንዘብ ሰጪውና ዩኒቨርሲቲው የተፈራረሙትን ውል ይፈልጉ፤ ዋናው ነገር ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው። አሜሪካ በ1980 ያወጣችው የቤይ-ዶል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በፌዴራል ገንዘብ ለተገኙ ግኝቶች የፓተንት (የፈጠራ መብት) ባለቤት እንዲሆኑ ፈቀደ፤ ስለዚህ ግኝቱን የሚፈልግ ኩባንያ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ይዋዋላል። በ1998 ደግሞ የስዊዘርላንዱ መድኃኒት አምራች ኩባንያ ኖቫርቲስ ከአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋትና የረቂቅ ሕዋሳት ጥናት ክፍል ጋር የ5 ዓመት፣ የ25 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈራረም፣ ገንዘቡን በሚደለድለው የ5 ሰዎች ኮሚቴ ውስጥ 2 መቀመጫ፣ ከክፍሉ ግኝቶችም እስከ ሲሶ የሚደርሱትን ለመጠቀም ፈቃድ የመደራደር ቅድሚያ አገኘ። ስለዚህ የከፈለውን ብቻ ሳይሆን ርዕሱን የመረጠውንና ኅትመቱን ማዘግየት የሚችለውን ጭምር ይጠይቁ።

ጫናው በየዘርፉ መልኩን ይለውጣል። በታሪክና በፍልስፍና ገበያው የሚታወቀው በሚነፍገው ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር ሳይተካ ይቀራል፣ ክፍሉም ይታጠፋል። በሕክምናም ቢሆን ያልተጠናውን ማየት ያስፈልጋል፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ የቀን ሠራተኞችን የሚያጠቃው፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታ መድኃኒት አምራቾችን ብዙም አልሳበም።

የኩባንያ ገንዘብ የነካው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት ግን ስንፍና ነው፤ ይልቁንስ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ገንዘብ ያጠኑትን ፈልገው ውጤቶቹን ያነጻጽሩ።